እጇን እንዳትለቅ

ባለፈው ሳምንት አብነት ሰፈር ዝናብ ያዘኝና ሸራ የሚሰፉ ልጆች ሱቅ በር ላይ ተጠለልኩ። ውስጥ አሮጌ የመኪና ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው ይጠግናሉ። ሸራው ረጥቧል። ናፍጣ፣ አቧራና የቆየ ሽንኩርት አንድ ላይ ሸተተኝ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን ከበሩ አልተነቃነቅኩም።

«ፋዘር፣ የሚያሰፉት አለ?» አለኝ አንዱ።

«የለም።»

«እንግዲያው ፈንጠር ይበሉልን፤ ብርሃኑን ጋረዱት።»

ፈንጠር አልኩለት።

ኪሴ ውስጥ እህቴ ሕይወት የሰጠችኝ ወረቀት ነበር። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ለእረፍት አዋሽ ፓርክ ልትሄድ ነው። አስጎብኚዎቹ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው የሚሰጡትን የጥንቃቄ መመሪያ አምጥታ፣ «አንብበውና የጎደለ ካለ ንገረኝ» አለችኝ። ለእኔ ማንበብ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ አሁንም መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር፣ «ልጆችን ከመኪና ሲያወርዱ እጃቸውን አጥብቀው ይያዙ» ይላል። ሳቅሁ። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። እጅ ስለመያዝ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው የለም።

የጎደለ ካለ ንገረኝ ብላለች። አለ። በአንድ መስመር ግን አይጻፍም።

ያን ክረምት አሥር ዓመቴ ነበር። ቤታችን አሁን የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ላይ ነበር፤ አራት አባወራ በአንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የቆርቆሮ በር። አሥር ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ስላጣን አይደለም። አባቴ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ ድርጅት ሹፌር ነበር፤ ከጎረቤቶቻችን የተሻለ እንበላ ነበር። ነገሩ ወንድሜ ደረጀ ነው። ደረጀ በሰባት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ዋናውን መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው። እኔ ያኔ አራት ዓመቴ ነው። ፊቱን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ቦርሳውን ነው። ከእናትና አባቴ አልጋ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤ ማንም አይነካውም ነበር።

እኔ ሰባት ሲሞላኝ እናቴ «ላስመዝግበው» አለች። አባቴ «ለከርሞ» አላት። ለከርሞ፣ ለከርሞ ሲባል አሥር ሞላኝ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ስለሚውል መኪና ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ከመኪና ጠበቀኝ፤ ከፊደልም ጭምር ጠበቀኝ። ከግቢው በር ማለፍ ክልክል ነበር። እኩዮቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ሲያልፉ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያቸዋለሁ። እነሱም ዓይኔን ያዩታል።

«ዘበኛው! ዛሬ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?» ይሉኛል።

ክረምት ፈረንጅ አይመጣም። በዚያ ላይ አባቴ የሚነዳው ላንድክሩዘር ሞተሩ ወርዶ ተሠርቶ ስለነበር፣ ባለቤቱ «ረጅም መንገድ ወስደህ ሞክረው፤ ቤተሰብህንም ይዘህ ተዝናና» አለው። አባቴ እምቢ ሊል ነበር። ከመጋረጃው ወዲህ ተኝቼ የሰማሁት ይህንን ነው።

«ይዘኸን ሂድ አሰፋ» አለች እናቴ። «ሕይወትን ለብሩክ ስጠውና እየው። የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ቀን ዱር ውስጥ ከጠበቀ፣ ራሱን ከአስፋልት መጠበቅ አያቅተውም።»

አባቴ አልጋው ላይ ተገላበጠ። «እጇን ከለቀቀስ?»

«ከለቀቀ ሁለተኛ ወሬውን አላነሳብህም።»

«ካልለቀቀስ?»

«ካልለቀቀ መስከረም ላይ ታስመዘግበዋለህ። በደረጀ ነፍስ ማልልኝ።»

ማለላት። በማግስቱ ጠዋት ጠርቶኝ ፊት ለፊቱ አቆመኝ። «ከመኪና ከወረዳችሁ ጀምሮ ተመልሳችሁ እስክትገቡ እጇን እንዳትለቅ። አንበሳ ቢመጣ እንዳትለቅ። ሰው ቢመጣ እንዳትለቅ። ካልለቀቅክ መስከረም ላይ ትማራለህ። ሰማህ?»

«ሰማሁ አባዬ።»

ሐምሌን በሙሉ አሠለጠነን። ላንድክሩዘሩን በራችን ላይ አቁሞ እኔንና ሕይወትን ከኋላ ያስገባንና መስኮቱን ያዘጋናል። ከዚያ የዝናብ ልብሱን ለብሶ መኪናውን እየዞረ አንበሳ ይሆናል። ሲያገሳ አንበሳ አይመስልም፤ ጉሮሮውን የሚያጥብ ሰው ነው የሚመስለው። ሕይወት በሳቅ ትንፈራፈራለች። አንበሳነቱ አላዋጣ ሲለው ሰው ይሆናል።

«የኔ ልጅ፣ ብርቱካን ይዣለሁ፤ ክፈትልኝ።»

«አልከፍትም።»

«ፖሊስ ነኝ! ክፈት!»

«አልከፍትም።»

አንድ ቀን እናቴን ላካት። ዝናቡ ይወርዳል፤ ነጠላዋ ፀጉሯ ላይ ተጣብቋል። «ብሩኬ፣ ክፈትልኝ፤ በረደኝ» አለች። የጨዋታ ይሁን የእውነት አላወቅኩም። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ሕይወት «ክፈትላት እንጂ!» እያለች ጀርባዬን በጡጫ ትደበድበኛለች። አልከፈትኩም። አባቴ ከመኪናው ኋላ ብቅ ብሎ «እንዲህ ነው!» አለ። በኋላ ቤት ውስጥ ፀጉሯን ስታደርቅ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን ያህል ነው የፈለግከው?» አለችኝ።

ትምህርቱን ማለቷ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሄድን። እናቴ፣ አባቴ፣ ሕይወት፣ እኔና የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቄ። እትዬ ወርቄ ተክለ ሃይማኖት በርበሬ ትነግዳለች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ወጥቶ መውረድ ይከብዳታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት አባቴ።

«አዋሽ ፓርክ ውስጥ ፍል ውሃ አለ ብለህ የለ? ጸበል ላመጣበት ነው።»

«እትዬ፣ ፍል ውሃው ጸበል አይደለም።»

«ማን ያፈላዋል ታዲያ? አንተ?»

አባቴ ጀሪካኑን ጣሪያ ላይ ከሽንኩርቱና ከፍራሹ ጋር አድርጎ ሸራውን ከላይ አሰረ። ደብረ ዘይት እስክንደርስ ዝናብ መታን፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ወጣና ሸራው መሽተት ጀመረ። አብነት በር ላይ ያቆመኝ ሽታ ያ ነው።

እኔ ፓርክ የሚባለው ዥዋዥዌ ያለበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። መተሐራን አልፈን ስንገባ ግን ቢጫ ሣርና እሾህ ብቻ ነው። በየመንገዱ ዳር ጽሑፍ ያለባቸው ሰሌዳዎች ቆመዋል። ሰው የለም፤ እንስሳ ነው ያለው። ስለዚህ የተጻፉት ለእንስሳቱ ነው ብዬ አሰብኩ። አንዲት ከርከሮ ልጆቿን አስከትላ መጣችና ሰሌዳው አጠገብ ቆማ ቀና አለች፤ ከዚያ መንገዱን ትታ ተመለሰች። አንብባ ነው የተመለሰችው። በሕይወቴ እንደዚያች ከርከሮ የቀናሁበት ፍጡር የለም። እሷ ተምራለች፣ ልጆቿንም ታስተምራለች፤ እኔ የሰው ልጅ ሆኜ መሃይም ነኝ።

መግቢያው ላይ ቦሩ የሚባል ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ከነጠመንጃው ከፊት ተቀመጠ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ የዚያው አገር ሰው ነው። አባቴ ጥያቄ አበዛበት። ጅቡ የት ነው? እባብስ? ልጅ የሚነጥቅ ምን ምን አለ?

«ሁሉም አለ» አለ ቦሩ። «ሁሉም ግን ሰው ይፈራል። ልጅ ከትልቅ ሰው አይራቅ፣ አይሩጥ፣ ምግብ አይስጥ። ውሃ ዳር አይሂድ። በቃ።»

እጇን ያዝኩ። ሣር ላይ ምሳ ስንበላ ያዝኩ፤ በግራ እጄ በላሁ። ሽንቷ ሲመጣ ከቁጥቋጦ ኋላ ፊቴን አዙሬ ያዝኩ። የእኔ ሲመጣ ዓይኗን በአንድ እጇ እንድትሸፍን አደረግኩና ሌላውን ያዝኩ።

«እጅህ ይጣበቃል!» ትለኛለች። «ሙጫ! ብሩኬ ሙጫ!»

ማታ አዋሽ ሰባት ከተማ አንዲት ትንሽ ሆቴል ስናድር እናቴን «እንቅልፍም ይቆጠራል?» አልኳት። «አይቆጠርም፤ በሩ ተቆልፏል» አለች። እኔ ግን ይዣት ተኛሁ፤ ምናልባት አባቴ ቢቆጥረውስ?

በሁለተኛው ቀን አንድ ትልቅ ዝንጀሮ እትዬ ወርቄ ፊት መጥቶ ቁጢጥ አለ። እሷ ዳቦዋን ለሁለት ገምሳ ሰጠችው።

«እናቴ፣ ምግብ አትስጪ!» አለ ቦሩ።

«እየለመነኝ? የለመነ ፊት ይመለሳል? እሱም ነፍስ ነው።» ዝንጀሮው ግማሹን ተቀብሎ ሌላውን ግማሽ ከእጇ ነጠቃትና ሄደ። ሕይወት በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ፍል ውሃው ጋ የደረስነው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ዘንባባ ዙሪያውን ቆሟል። ውሃው እስከ ታች ድረስ ይታያል፤ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ ጉም የመሰለ እንፋሎት ይሄዳል። ጣት አይነከርበትም። አባቴ ቦሩን ጠየቀው።

«ትኩሱ ውሃ ላይ አዞ የለም» አለ ቦሩ። «ወደ ታች ሲቀዘቅዝ ግን አለ። ከዛች ዘንባባ አትለፉ» ብሎ ወደ ታች ጫፍ ላይ ያለችውን በጣቱ አሳየን። ሁላችንም ሰማን። እትዬ ወርቄም ሰማች።

አባቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ ዘይት የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ይፈልጋል። እናቴ ምሳ ታወጣለች። ቦሩ ከብት የሚያጠጡ ልጆች ሊያናግር ወደ ጉብታው ወጣ። እትዬ ወርቄ ጀሪካኗን በጣሳ እየቀዳች ሞላችና ወደ እኛ መጣች።

«ነይ ሕይወት፤ ያን ሳልሽን ላጥበው።»

ሕይወት ከግንቦት ጀምሮ ትስል ነበር። እትዬ ወርቄ አንድ እጇን ያዘች፤ ሌላው በእኔ እጅ ነው። ሦስታችንም ሄድን። ከዛች ዘንባባ አለፍን።

«እትዬ፣ ከዚህ አትለፉ ተብለናል» አልኩ።

«እዚያኛው ያቃጥላታል። እዚህ ልክ ነው።»

«አዞ አለ ብሎ የለ?»

«ጸበል ውስጥ ያለ አውሬ ሰው አይነካም፤ እሱም ተባርኮ ነው የሚኖረው። ልቀቃት፣ ልብሷን ላውልቅ።»

«አባዬ እንዳትለቅ ብሎኛል።»

«አባትህ ማነው? አዝዬ ያሳደግኩት እኔ አይደለሁም? ንፍጡን የጠረግኩለት? ልቀቅ ስልህ!»

«አልለቅም እትዬ።»

«ኧረ ይሄ ልጅ! አንተንም ነው ማስጠመቅ!»

ጎተተቻት። እኔም ጎተትኩ። የሕይወት አንድ ጫማ ውሃው ውስጥ ገባ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ተረከዜን ጭቃው ውስጥ ተከልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። አዞ አላየሁም፤ ያየሁት ውሃው ላይ ያለ ጉቶ ነው። እህቴን ላድን ብዬም አልነበረም። እኔ በዚያች እጅ የምጎትተው መስከረምን ነው።

ክንዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል በመዳፌ ተሰማኝ። ሕይወት ጮኸች።

ቦሩ መጣ። አልሮጠም። ድምፁም ከፍ አላለም።

«እናቴ፣ ውሃውን አትይ። እኔን እያየሽ ነይ። ልጅቷን አንሺ። ነይ። ነይ።»

እትዬ ወርቄ ከቦሩ ፊት ምን እንዳነበበች አላውቅም፤ ሕይወትን በብብቷ አንስታ ያንን የታመመ ጉልበት ረስታው ወጣች። እኔ እጇን እንደያዝኩ ተከትዬ ተጎተትኩ። ዞር ስል ጉቶው ከቅድሙ ቀርቧል። ሁለት ዓይን አለው። ከዚያ ወደ ታች ሰመጠ። ውሃው አልተንቦጫረቀም፤ ምንም ድምፅ አልነበረውም።

አባቴ እጁ በዘይት ተጨማልቆ እየሮጠ ደረሰ። ያየው የልጅቷን ክንድ ነው፤ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ እኔ አለሁ።

«እጇን ልቀቅ!» አለኝ።

አልለቀቅኩም።

«ልቀቅ እኮ ነው የምልህ! አሟታል!»

«ከለቀቅኩ ይቆጠራል?» አልኩት።

አባቴ አጠገቤ ተንበረከከ። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው።

ቦሩ ሕይወትን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣትና ከረሜላውን ስታይ ክንዷን ያዝ፣ ዞር፣ እጥፍ አደረገው። እንደገና ቀጭ አለ። ትንሽ አለቀሰችና በዚያው እጇ ከረሜላውን ላጠች። «ወለምታ ነው» አለ። «ጥጃም ላይ እንዲህ ይሆናል።» ከዚያ አባቴን ቀና ብሎ አየው። «ይሄ ልጅህ ድንጋይ ነው። ለቆ ቢሆን ልጅቷ ውሃው ውስጥ ነበረች።»

አባቴ ጎማውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወደ እኔ አላየም። እኔ ሞኙ፣ የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባኝ የሚያስብ መሰለኝ።

ስንመለስ እንደ ሬሳ መኪና በዝግታ ነዳ። የጭነት መኪናዎች ከኋላ ጥሩምባ እየነፉ ያልፉናል፤ አንዱ ባለፈ ቁጥር መሪውን ጨበጥ ያደርጋል። እትዬ ወርቄ ጀሪካኗን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሞጆ ላይ ብርቱካን ገዝታ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ይቅርታዋ እሱ ነው። ቤት ስንደርስ አባቴ ራሴን ዳበስ አደረገና «ጎበዝ» አለኝ። እናቴ ሰምታለች። በቃ፣ አለፍኩ አልኩ።

የምዝገባው ቀን ጠዋት እናቴ የደረጀን ቦርሳ ከሚስማሩ አወረደች። አቧራውን አራግፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ከተተችበትና ትከሻዬ ላይ አደረገችው። አባቴ እጄን ያዘኝ። የቆርቆሮውን በር አልፈን ወጣን።

ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ አጥሩ ይታያል። መንገዱ ዳር ቆምን። ታክሲ፣ አውቶቡስ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ያልፋል።

«አሁን» አለ አባቴ። አልተራመደም።

መንገዱ ባዶ ሆነ። «አሁን» አለ እንደገና። እግሩ ከቦታው አልተነቀለም። ሩቅ ላይ አንድ የጭነት መኪና ብቅ አለ። ደርሶ እስኪያልፍ ጠበቅን።

የሰፈር ልጆች እየሮጡ ተሻገሩ። «ዘበኛው ሊማር ነው!» አለኝ አንዱ ከማዶ። «ና እንጂ! ምን ይገትርሃል?»

የአባቴ መዳፍ በላብ ረጥቧል። ጣቶቼ ነጡ። ስንት ጊዜ «አሁን» እንዳለ አላውቅም፤ ያኔ መቁጠር የምችለው እስከ ሃያ ነበር፤ ከዚያ አልፏል። በመጨረሻ ወደ ታች አየኝ።

«እዚያ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበረን» አለኝ። «ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነበርን። እዚህ ማን አለ?»

«እኔ አለሁ አባዬ» አልኩት።

ዞሮ ወደ ቤት መለሰኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቦርሳውን አየች፤ ከዚያ እሱን አየችው።

«ልጁ እኮ እጇን አልለቀቀም፣ አሰፋ» አለች።

«እኔስ መች ለቀቅኩ?» አላት።

እውነቱን ነው፤ ያኔም እጄን እንደያዘ ነበር። እናቴ ቦርሳውን ወስዳ ሚስማሩ ላይ መለሰችው። ከዓመት በኋላ ሕይወት ለትምህርት ስትደርስ እናቴ አባቴን ሳታማክር አዝላት ተሻገረች። እኔ ለመታዘል ትልቅ ነበርኩ።

ከመንገዱ ስንመለስ አባቴ በሯ ላይ ከምትጠብስ ሴት ፓስቲ ገዝቶልኝ ነበር። በጋዜጣ ተጠቅልሏል፤ ጋዜጣው ላይ ያለውን ፊደል ዘይት ጠጥቶታል። በነጻው እጄ ይዤ እየተራመድኩ በላሁት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ መወርወር ነበረብኝ። ትኩስ ነበር፤ ጣፈጠኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።